ወደ ዝዋይ ደሴቶች «የአእዋፍ ፍልሰት ጉብኝት» ቅድመ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት

በጥቅምት 2017 «በፍልሰት ወቅት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚደረግ የሁለት ቀን የአእዋፍ ጉብኝት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ለራሴና ለእህቴ ልጅ በነፍስ ወከፍ 9,500 ብር ከፍዬ ነበር። ጉዞው የተደረገው ከሰባት ወር በኋላ፣ ግንቦት 2 እና 3 ቀን ነው። ከአምስቱ ደሴቶች በአንዱም ላይ እግራችን አላረፈም፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት አእዋፍም በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ወደየመጡበት ተመልሰው ነበር። ሰሞኑን ያው ማስታወቂያ፣ ፎቶግራፉ እንኳ ሳይቀየር፣ ለመጪው ኅዳር ተብሎ እንደገና ስለወጣ፣ ገንዘብ ለመላክ የተዘጋጀ ሰው አስቀድሞ እንዲያነብበው ይህን ጽፌአለሁ። አቤቱታዬ ገና በመታየት ላይ በመሆኑ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ ዓይነት መንገድ የሚሸጡ ሌሎችም ስላሉ፣ ስሙን ከማወቅ ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል ብዬም አምናለሁ።

ከፎቶግራፉ ልጀምር። ምስሉ ሐይቁን ሮዝ ያለበሱ ፍላሚንጎዎችን ያሳያል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም የሳበኝ እሱ ነው። ፍላሚንጎ ግን የሶዳ ሐይቅ ወፍ ነው። በተለይ ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው በሶዳማ ውሃ ውስጥ የሚራባውን ደቃቅ አልጌ በመሆኑ፣ መንጋው የሚገኘው እንደ አቢያታና እንደ ጪቱ ባሉ ሐይቆች ነው። ዝዋይ ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚሞላ፣ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ የሚፈስስ፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚጠመድበት፣ ጨው ያልበዛበት ውሃ ነው። የዝዋይን ደሴቶች በፍላሚንጎ ፎቶግራፍ የሚሸጥ ሰው ወይ ሐይቁን አያውቀውም፣ ወይ ገዥው እንደማያውቀው ያውቃል። ይህን የተረዳሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ለዚህ ጥፋቱ የራሴም ነው።

ሁለተኛው ማባበያ «ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች በደሴቶቹ ላይ ሲያርፉ ይመልከቱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነበር። ቁጥሩ የፈጠራ አይደለም፤ የሌላ ነገር ቁጥር ነው። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ የሚያልፉት ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ ሽመላዎችና ሌሎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉ ትላልቅ አእዋፍ በጠቅላላው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ መስመሩ ግን ከመካከለኛው ምሥራቅ ጀምሮ በግብጽና በየመን በኩል እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የሚዘልቅ ነው። ደግሞም እነዚህ ወፎች የሚንሳፈፉት ፀሐይ ካሞቀችው ምድር ወደ ላይ በሚነሣው አየር ተደግፈው ስለሆነ ሰፊ ውሃ ላይ መብረርን ይሸሻሉ፤ ከዓረቢያ ወደ እኛ ሲሻገሩም የብዙዎቹ መንገድ ባሕሩ የሚጠብበት ባብ ኤል መንደብ ነው። በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ በሚሊዮን ይሰፍራሉ ማለት የወፎቹን ጠባይ መገልበጥ ነው። ወደ ዝዋይ በፍልሰት የሚመጡት ሌሎች ናቸው፦ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች፣ ጭቃውን በረጅም ምንቃራቸው እየወጉ የሚመገቡ የውሃ ዳር ወፎች፣ ጅራታቸውን ሳያርፉ የሚወዘውዙ ቢጫ ትናንሽ ወፎች። ለማየት እጅግ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን የሚገኙት ውሃው ጎድሎ ጭቃና ሣር በሚታይበት ዳርቻ እንጂ ድንጋያማ በሆነው ደሴት ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነውና። የከፈልነው ለኅዳር 14 እና 15 ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ጉብኝት ጥሩ ወቅት ነው፤ ምክንያቱም የሰሜን አእዋፍ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምረው እየገቡ እስከ መጋቢት ገደማ ድረስ እዚህ ይከርማሉ። ሦስት ቀን ሲቀረው «ቡድኑ ስላልሞላ» ተብሎ ወደ ጥር 24 ተዛወረ። ጥር ሲደርስ ጥምቀት የሰውን ኪስ ባዶ አድርጎታል ተባለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ በጾም ሰው አይዝናናም፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል ተባለ። ጾሙን የምንጾመው እኛ ነን፤ ወፎቹ በእኛ ፍስክ አይጠብቁም። ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ስደውል፣ ስመዘገብ ሳላነበው የፈረምኩበት ቅጽ ላይ «ድርጅቱ እንደ ሁኔታው ቀኑንና መዳረሻውን ሊለውጥ ይችላል፤ ቅድመ ክፍያ አይመለስም» የሚል መስመር እንዳለ በትሕትና አስታወሱኝ። ቅድመ ክፍያ ያሉት ሙሉውን ዋጋ ነው። በወቅቱ ላይ ለተመሠረተ ነገር ቀኑን እንደፈለጉ የመለወጥ መብት ለሻጩ መስጠት፣ የገና በግ ገዝቶ በሰኔ ለመረከብ እንደመስማማት መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

በግንቦት 2 ጠዋት የቀጠሮው ሰዓት 12 ሰዓት ነበር። ኮስተሩ የተነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ ላይ ለቁርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን፣ መቂ ላይ ደግሞ ለምን እንደቆምን እስካሁን አላውቅም። የፍጥነት መንገዱ እስከ ሐይቁ ዳር ከተማ እስከ ባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ ከተማ) በሚያደርስበት በዚህ ጊዜ፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ ግማሽ ቀን ፈጅተን ባቱ የገባነው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወፍ የሚታየው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ አብዛኞቹ ጥላ ይዘው ያርፋሉ፣ የውሃው ነጸብራቅም የቀሩትን ወደ ጥቁር ቅርጽ ይለውጣቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጉብኝት የሚገዛ ሰው በዋናነት የሚገዛው ሰዓት ነው፤ አውቶቡሱ፣ ምሳውና ሆቴሉ ያን ሰዓት ለማግኘት የሚያገለግሉ ናቸው። ይህን ብቻ ባውቅ ኖሮ «ቁርስ በቢሾፍቱ፣ ምሳ በባቱ» የሚለውን ፕሮግራም አይቼ ገንዘቤን በኪሴ አስቀር ነበር።

ጀልባ አስቀድሞ አልተያዘም ነበር። አስጎብኚው ሐይቁ ዳር ከጀልባ ነጂዎች ጋር ሲከራከር አንድ ሰዓት አለፈ፤ በመጨረሻም «ሁሉንም ያካተተ» የተባለው ዋጋ የጀልባ ኪራይን እንደማይጨምር ተነገረን። የተወሰንነው ተጨማሪውን ለመክፈል ስንስማማ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ጀልባ ነጂ በዚህ ሰዓት ወደ ቱሉ ጉዶ እንደማይሄዱ ቁርጡን ነገሩን። ዝዋይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ቶሎ ማዕበል ይይዛል። ቱሉ ጉዶ ደግሞ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁና ሩቁ ነው። አስጎብኚው በኋላ ለቡድኑ የሰጠው ማብራሪያ «እንቦጭ መንገዱን ስለዘጋው» የሚል ነበር። እንቦጭ በሐይቁ ላይ መኖሩ እውነት ነው፤ የዚያን ቀን መንገዳችንን የዘጋው ግን የቢሾፍቱው ቁርስ ነው። ለ22 ሰው የቀረበውን ላይፍ ጃኬት ቆጥሬዋለሁ፤ 9 ነበር። ሽማግሌው ባይከለክሉን ኖሮ እንሳፈር እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

በዚህ ምክንያት በቱሉ ጉዶ ያለውን የጽዮን ማርያምን ገዳም፣ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ተሰድዳ ቆይታበታለች የሚባለውን ተራራ፣ ከዳር ሆነን በሩቁ ተሳለምን። በዘይ ቤተሰብ ቤት ሊደረግ ቃል የተገባው ምሳ በከተማው ምግብ ቤት ተተካ። ዘዮች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ለብዙ ዘመን በደሴቶቹ ላይ የኖሩ ሕዝብ መሆናቸውን ለእህቴ ልጅ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አስጎብኚው ስለ እነርሱ አንድም ቃል አልተናገረም።

ስለ አስጎብኚውም እውነቱን ለመናገር፣ ትሑትና ተጫዋች ወጣት ነበር፤ ችግሩ ወፍ አለማወቁ ነው። አቅራቢ መነጽር ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል የተባለው ለ22 ሰው ሁለት ሆኖ ተገኘ። በመንገድ ላይ አንዲት ሴት ስለ መስቀል ወፍ ስትጠይቀው «እሷም ከአውሮፓ የምትመጣ ፍልሰተኛ ናት» ብሎ መለሰላት። የመስቀል ወፍ ብለን የምንጠራቸው ወፎች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ ናቸው፤ በመስከረም ድንገት የመጡ የሚመስለን ወንዶቹ በክረምት የመራቢያ ጊዜያቸው ደማቅ ላባ ስለሚያወጡና በሌላው ጊዜ ግን እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ከድንቢጥ ስለማይለዩ ነው። ስለ ፍልሰት ጉብኝት ገንዘብ ተቀብሎ ማን ፍልሰተኛ እንደሆነና ማን እንዳልሆነ አለመለየት ትንሽ ስሕተት አይደለም።

በዚያ ጉዞ ያየሁትን ጥሩ ነገር ግን አልሸሽግም። ጀልባ ስንጠብቅ በቆምንበት፣ ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን በሚያራግፉበት ዳርቻ፣ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ዳኛ ተደርድረው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቁ ነበር፤ ፔሊካኖች በአጠገባችን ይቀዝፋሉ፤ ነጭና ጥቁር ዓሣ አዳኝ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያራገበች ድንገት ወደ ውሃው ትወረወራለች። እነዚህ ሁሉ ነዋሪ ወፎች ናቸው፤ ወቅት አይጠብቁም፤ በራስ ትራንስፖርት ባቱ የደረሰ ሰው ያለ ማንም አስጎብኚ ያያቸዋል። ለ9,500 ብር ያገኘሁት በሙሉ ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሁለተኛው ቀን፣ ለቀረው ደሴት ማካካሻ ይሆናል ተብሎ «የሻላ ፔሊካን ደሴት» ወደተባለው ወሰዱን። ወሰዱን ስል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆመን ሐይቁን አየን ማለቴ ነው። በሻላ መካከል ፔሊካኖች በብዛት ይራቡበት የነበረ ደሴት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሻላ ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ወደ አቢያታ እየበረሩ በሚያመጡት ዓሣ ነበር። ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት በሚወሰደው ውሃ ምክንያት አቢያታ እየሸሸ ሲሄድና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፤ ዓሣው ሲያልቅም የደሴቱ መራቢያነት ተዳከመ። ይህን አሳዛኝ ታሪክ በቦታው ቢነግሩን ኖሮ እንኳ ጉዞው አንድ ፍሬ ይኖረው ነበር። የተነገረን ግን «ፔሊካኖቹ ዛሬ ወጣ ብለዋል» የሚል ነው።

ስመለስ የጠየቅሁት የገንዘቡን ግማሽ ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ በሚቀጥለው ጉዞ 20 በመቶ ቅናሽ ይደረግልዎታል የሚል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ይህን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ደረሰኝ ነው። በእጄ የነበረው ማኅተም የሌለው፣ በእጅ የተጻፈ የገንዘብ መቀበያ ብቻ ሲሆን፣ ያዳነኝ የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ስክሪንሾት ማስቀመጧ ነው፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ከጉዞው በኋላ «ደሴቶች» የሚለውን ቃል ከገጹ አጥፍቶት ነበር።

ለመጪው ኅዳር ልትከፍሉ ያሰባችሁ እንግዲህ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጀልባው በስንት ሰዓት ከዳር እንደሚነሣ በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ወይም በዋዜማው ባቱ ማደር በፕሮግራሙ ውስጥ ከሌለ፣ ጉዞው ሽርሽር እንጂ የአእዋፍ ጉብኝት አይደለም። የትኛው ደሴት ላይ እንደምትወርዱ በስሙ ይጻፍላችሁ፤ የጀልባው ኪራይና የገዳሙ መግቢያ በዋጋው ውስጥ መኖሩ፣ የላይፍ ጃኬቱም ቁጥር ከተሳፋሪው ጋር እኩል መሆኑ እንዲሁ። ጉዞው ከመጋቢት ካለፈ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ የሚገልጽ መስመር በቅጹ ላይ ካልጨመሩ አትፈርሙ፤ እኔን ያሰረኝ አንዱ መስመር ነውና። አስጎብኚው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ በስልክ አነጋግሩት፤ በኅዳር ዝዋይ ላይ ምን ምን እናያለን ስትሉት ፍላሚንጎ ካለ ስልኩን መዝጋት ትችላላችሁ። የንግድ ፈቃዳቸውን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ የአስጎብኚነት የብቃት ማረጋገጫም እንዲያሳዩ ጠይቁ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ማስታወቂያው አሁን ባለበት መልኩ ሳለ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት አንሡት፤ ሕጋዊ ደረሰኝም ከጉዞው በፊት ጠይቁ። ከእኛ ቡድን ግንቦት 2 የተሳፈራችሁና የጽሑፍ ማስረጃ በእጃችሁ ያለ ካላችሁ፣ ለየብቻ ከምንሄድ አቤቱታውን በጋራ ብናቀርበው ይሻላልና እዚሁ ጻፉልኝ።