ለጦር ሜዳ የትኛው ሾትገን ይሻላል? ከአውቶ-5 እስከ ቤኔሊ ኤም 4

ሾትገን (ብዙ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ) ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጥይት ይጎርሳል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ይላል። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው ጉልበት ከየት ነው የሚመጣው? ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን፣ ማለትም ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርሰው፣ በጦርነት የተመሰገነውም የተወቀሰውም በዚሁ ነው። ለተቋም የምትገዙም ሆናችሁ ሕጉ የሚፈቅድላችሁ የድሮ መሣሪያ ሰብሳቢዎች፣ ከዚህ ብትጀምሩ ብዙ ገንዘብና ጣጣ ትቆጥባላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

አውቶ-5 እና ሬሚንግተን 11

የሁሉም አባት የአሜሪካዊው መሣሪያ ነዳፊ የጆን ብራውኒንግ አውቶ-5 ነው። ብራውኒንግ ንድፉን መጀመሪያ ያቀረበው ለጦር መሣሪያ አምራቹ ለዊንቸስተር ነበር። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻ ይከፈለኝ ሲል ዊንቸስተር አሻፈረኝ አለ። ብራውኒንግ ወደ ተፎካካሪው ወደ ሬሚንግተን ሄደ። እዚያም የኩባንያው ፕሬዚዳንት ማርሴለስ ሃርትሊ፣ ብራውኒንግ ሊያነጋግረው እየጠበቀ ሳለ በልብ ሕመም ሞተ። ጊዜው 1902 መጀመሪያ ነው። ብራውኒንግ ባሕር ተሻግሮ ቤልጂየም ከሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከኤፍ ኤን ጋር ተስማማ። ሬሚንግተን በኋላ ፈቃዱን አግኝቶ «ሞዴል 11» በሚል ስም ከ1905 እስከ 1947 አመረተው።

አሠራሩ ዛሬ ካሉት ይለያል። ሲተኮስ በርሜሉና መቀባበያው ተያይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በርሜሉ ቀድሞ ይመለሳል፤ መቀባበያው ተከትሎ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። የፊተኛውን እንጨት ስታወልቁ የጥይት ቱቦውን የጠመጠመ ወፍራም ሞላ ታያላችሁ። አብረውት አንድ የነሐስና አንድ የብረት ቀለበት አሉ። ለከባድ ጥይት የብረቱ ቀለበት በሞላውና በነሐሱ መካከል ይገባል፤ ነሐሱን አጥብቆ ፍጥነቱን ይይዛል። ለቀላል ጥይት ደግሞ የብረቱ ቀለበት ከሞላው ኋላ፣ ወደ መሣሪያው አካል ተጠግቶ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው በቀላል ጥይት አቀማመጥ ከባድ ጥይት ከተኮሰ፣ በርሜሉ በኃይል እየተመላለሰ የፊተኛውን እንጨት ይሰነጥቀዋል። ያገለገለ አውቶ-5 ወይም ሞዴል 11 ስትገዙ ከሁሉ አስቀድማችሁ ያንን እንጨት ገልብጣችሁ እዩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ሞዴል 11ን ለጥበቃ ተጠቅማበታለች። ሰፊ ሥራው ግን ሥልጠና ነበር። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተኳሾች በሚበር የሸክላ ዒላማ ላይ ይለማመዱበት ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲተኮስ ከፊቱ ቀድሞ ማነጣጠር እንደሚያስፈልግ በርካሹ ያስተምር ነበር። ከ1948 እስከ 1960 በዘለቀው የማላያ (ዛሬ የማሌዥያ ክፍል) ውጊያ ደግሞ እንግሊዞች አውቶ-5ን ይዘው ጫካ ገቡ። እዚያ ጠላት ብቅ የሚለው ጥቂት ሜትር ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሴኮንዶች ሁሉንም ይወስናሉ። ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን በውጊያ ቦታውን ያገኘው እንዲህ ባለው ስፍራ ይመስለኛል።

በእጅ የሚቀባበለው ለምን አልጠፋም?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ስሙ የገነነው ሾትገን ከፊል አውቶማቲክ አልነበረም። ዊንቸስተር 1897 የተባለው በእጅ የሚቀባበል ፓምፕ ነው። ጀርመን በመስከረም 1918 «አላስፈላጊ ሥቃይ ያደርሳል» ብላ ተቃውማ፣ ይዞት የተማረከን ወታደር እገድላለሁ ብላ ዝታ ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ላንሲንግ ተቃውሞውን ውድቅ አደረገው።

ፓምፑ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዚያን ዘመን ጥይት ልባሱ ወረቀት ነበር። በእርጥበት ያብጣል። ያበጠ ቀለህ ሲቀረቀር የሰው ክንድ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ሞላ ግን አያወጣውም። ወታደሩ በኋላ የናስ ቀለህ የተሰጠውም ለዚህ ነው። በቬትናምም አብዛኛው ሥራ የተሠራው ኢታካ 37ን በመሰሉ ፓምፖች ነው። ዛሬ በዚህ ወገን ካሉት ሞስበርግ 590ኤ1 ይጠቀሳል። የአሜሪካ ጦር መስፈርት 3,000 ሙሉ ኃይል ያላቸው ጥይቶች እንዲተኩስ ይጠይቃል፤ እሱን ያለፈ መሣሪያ ነው።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳይስብ ይመልሰዋል። መሣሪያው ባዶ ይሆንበታል። መሬት ላይ ተኝቶ ማቀባበልም ያስቸግራል። አንድ ክንዱ ለቆሰለማ ጭራሽ አይሆንም። በአንጻሩ የጎማ ጥይትና ሌላ አነስተኛ ኃይል ያለው ጥይት ለሚተኩስ ክፍል ፓምፕ ይሻላል፤ ከፊል አውቶማቲኩ በደካማ ጥይት ራሱን አያቀባብልም።

ቤኔሊ ኤም 4

የአሜሪካ ጦር በ1998 አዲስ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን ፈለገ። የጣሊያኑ ቤኔሊ ኤም 4ን አቀረበ፤ «ኤም 1014» ተብሎ ለባሕር ኃይል እግረኛ ተሰጠ። እንግሊዞችም «ኤል128ኤ1» ብለው ታጥቀውታል። ጥይቱ ሲተኮስ በሚወጣው የባሩድ ጋዝ ጉልበት የሚሠራ ነው። ጥይቱ ከሚጎርስበት የበርሜሉ ክፍል ብዙም ሳይርቅ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ሁለት አጫጭር ፒስተኖች አሉት። ጋዙ እዚያ ጋ ሲደርስ ገና ትኩስ ስለሆነ የባሩድ ጥላሸት ብዙ አይጋገርም። ቀላልና ከባድ ጥይት ሲቀያየር እንደ አውቶ-5 ቀለበት ማገለባበጥ የለም፤ ራሱ ያስተካክላል። 3.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የወታደሩ ዓይነት በቱቦው 7 ጥይት ይይዛል። ውድ ነው። ጥይቱም አንድ በአንድ ስለሚጎርስ መሙላቱ ጊዜ ይበላል። ለአንድ ክፍል ሁሉን የሚሠራ አንድ ሾትገን ምረጥ ብባል ግን ሳላቅማማ እሱን እመርጣለሁ።

ፍራንኪ ስፓስ-12ም ሆነ ቤኔሊ ኤም 3 በሁለቱም መንገድ፣ በራሳቸውም በእጅም ይቀባበላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ስፓስ-12 ግን 4.4 ኪሎ ስለሚደርስ ለሰብሳቢ እንጂ ለተሸካሚ አይመከርም።

ሳይጋ-12 እና ቬፐር-12

እነዚህ የክላሽ ዘሮች ናቸው። ካዝና አላቸው፤ ካዝና መቀየር የለመደ ወታደር ወዲያው ይግባባቸዋል። ሲሞሉ የሚደርስባቸው የለም። ይሁን እንጂ የፕላስቲክ ጥይት በካዝና ውስጥ ተጨቁኖ ሲከርም ቅርጹን ይለቃል፤ ያኔ መቀርቀር ይመጣል። ረጅሙ ካዝናም መሬት ላይ ለተኛ ሰው አይመችም። ለገዢ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አሜሪካ በሳይጋ አምራች በክላሽንኮቭ ኩባንያ ላይ በ2014፣ በቬፐር አምራች በሞሎት ላይ በ2017 ማዕቀብ ጥላለች። መለዋወጫ ከየት እንደምታመጡ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

የድሮን ጊዜ

የዩክሬን ጦርነት ሾትገንን እንደገና ወደ ምሽግ መለሰው። በቀጭን የመስታወት ገመድ የሚመሩ ድሮኖች በሬዲዮ ማወኪያ አይቆሙም። ተኩሶ ከመጣል ሌላ መንገድ ሲጠፋ ሁለቱም ወገኖች ሾትገን አነሱ። እዚህ ላይ ከፊል አውቶማቲኩ ፓምፑን ያለጥርጥር ይበልጣል። ድሮኑ ይጠማዘዛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ትከሻው ሳይነቃነቅ፣ ዓይን ከዒላማው ሳይነቀል መውጣት አለበት።

ለዚህ ሥራ ቀለል ያሉት፣ በግፊያ ጉልበት የሚሠሩት እንደ ቤኔሊ ኤም 2 ያሉት ያጓጓሉ። ጋዝ ስለማይነካቸው ውስጣቸው ንጹሕ ነው። ግን የሚያቀባብሉት መሣሪያው ራሱ ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። ከባድ መብራትና መነጽር ከጫናችሁበት፣ ወይም ሰደፉን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ከተኮሳችሁ፣ ግፊያው ይቀንስና ሊቀረቀር ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ወታደሩ የሚሸከመውን ዕቃ ሁሉ አስራችሁበት፣ በምትገዙት ጥይት ሞክሩት።

አፈሙዙንም አትርሱ። ምሽግ ውስጥ የምትፈልጉት ሰፋ ብሎ የሚበተን ነው፤ ለድሮን ደግሞ ጠበብ ያለ አፈሙዝ፣ ረዘም ያለ በርሜልና ብዙ ፍሬ ያለው ደቃቅ እርሳስ ያስፈልጋል። የአፈሙዝ ማጥበቢያው የሚፈታና የሚቀየር ከሆነ አንዱ መሣሪያ ለሁለቱም ይሆናል። ማጥበቢያው ከበርሜሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራውን ግን ለአንዱ ሥራ ብቻ እንደገዛችሁት ቁጠሩት።