የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ ሐዲዱ ደህና፣ ባቡሩ ጥቂት

የከተማ ባቡር የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ በስንት ደቂቃ ይመጣል? የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አወዳደቁም ገና ከመነሻው በሒሳብ ይታይ ነበር።

ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር 17.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወርደው በጥቂቱ ያንሳል። ባቡሩ እየቆመ እየተነሣ በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ከአያት ጦር ኃይሎች 52 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልሱ 104 ደቂቃ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ለመዞሪያ ስምንት ስምንት ደቂቃ ሲጨመር 120 ይሞላል። ስለዚህ በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር እንዲመጣ በአንድ መስመር 20፣ በሁለቱ ደግሞ 40 ባቡር ሐዲድ ላይ መዋል አለበት። የተገዙት 41 ናቸው። ለጥገና የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው! ምንም ሳይበላሽ እንኳ ለምርመራ ተራ ይዞ ዴፖ (የባቡር ማደሪያና መጠገኛ ግቢ) የሚገባ ባቡር አይጠፋም። በአንድ መስመር የሚሠሩት ስምንት ሲሆኑ ጥበቃው 15 ደቂቃ ይደርሳል፤ አራት ሲሆኑ ግማሽ ሰዓት።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ 15,000 ሰው እንደሚያጓጉዝ ተነግሮ ነበር። አንዱ ባቡር ግን 286 ሰው ነው የሚይዘው። በየ6 ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት 2,860 ሰው ነው። ሁለት ሁለቱን ቀጥሎ መንዳት ይቻላል፤ ያኔ ግን የሚያስፈልገው ባቡርም እጥፍ ይሆናል።

ባቡሮቹን ዴፖ የሚያስቀረው ብዙ ነገር ነው፤ አንዱ ጎማው ነው። የባቡር ጎማ በዙሪያው የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ መታጠፊያ ላይ ሐዲዱን እየፋቀ ያልቃል፤ ኩርባ ላይ የሚሰማው የብረት ፉጨትም ከጎማውና ከሐዲዱ ፍትጊያ የሚመጣ ነው። ጎማው ቅርጹ ሲበላሽ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ገብቶ ይላጫል። በተላጨ ቁጥር ይሳሳል፤ የመጨረሻው ልክ ላይ ሲደርስ አዲስ ቀለበት ካልገባለት ባቡሩ መውጣት የለበትም። ቀለበቱ በዶላር ይመጣል፣ ትኬቱ በብር ይሸጣል። ያውም ሲጀመር በ2፣ በ4 እና በ6 ብር። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድሩ ሐዲድ አነጠፈ፤ መለዋወጫውን ግን በየዓመቱ የሚገዛ ሌላ ኪስ ያስፈልግ ነበር።

ባቡሩ ራሱ ክፉ አይደለም። ወለሉ 70 በመቶው ዝቅ ያለ ነው፤ በሮቹም ከመጠበቂያው ጋር እኩል ስለሆኑ አሮጊትም ሆነች ልጅ ያዘለች እናት ደረጃ ሳትወጣ ትገባለች። ችግሩ ወደ መጠበቂያው መውጣት ነው። ድልድይ ላይ ባሉት ጣቢያዎች አሳንሰሩ ከቆመ ዝቅ ያለ ወለል ምን ይፈይዳል? መንገድ መሐል የተሠራው አጥር ደግሞ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ማቋረጫ ፍለጋ መዞር የግድ ነው።

መስመር መቀየር ብዙ ሰው ያደናግራል። ከ39ኙ ጣቢያዎች አምስቱ የጋራ ናቸው፦ ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር እና ስታዲየም። ከጦር ኃይሎች ወደ ሳሪስ ወይም ቃሊቲ የሚሄድ ከአምስቱ በአንዱ ወርዶ እዚያው መጠበቂያ ላይ ይቆይ፤ የቃሊቲውም ባቡር የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው። ከአያት ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድም እንደዚሁ። ማዶ መሻገር ያለበት ወደ ኋላው የሚታጠፍ ሰው ነው፦ ከአያት ወደ ቃሊቲ ከሆነ ስታዲየም፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አውቶቡስ ተራ ከሆነ ልደታ ላይ። ከዚያ አልፎ መውረድ መንገዱን ወደ ኋላ መድገም ነው።

አረንጓዴው የአያት፣ ሰማያዊው የቃሊቲ ነው። ከሜክሲኮ ስታዲየም ለሚሄድ ግን ቀለም መምረጥ አያስፈልገውም፤ ቀድሞ የመጣው ያደርሰዋል። የሁለቱም መስመር ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚያልፉ ጥበቃው በግማሽ የሚያጥረው እዚህ ብቻ ነው።