አልጠግንልሽም ላሉኝ አናጺ

ገንዘቤ ባለፈው ሰኞ ሙሉ በሙሉ ተመልሶልኛል። በበይነመረብ አዝዤ በልክ ያሠራሁት የመጻሕፍት መደርደሪያ ቤቴ ከገባ አራት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። ለዚህ ያበቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ። ዋናው ባለውለታዬ ግን «ይጠግኑልኝ» ብዬ ብጠራቸው «አልነካውም» ያሉኝ አናጺ ናቸው።

መደርደሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ፣ 2 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከታች አራት መዝጊያዎች የተገጠሙለት ነበር። ላዩ ብቻ የተለበጠ ሳይሆን ድፍን የኦክ ጣውላ ነው የተባለው፤ በዚህስ አልዋሹም። ልኩን ሦስት ጊዜ ለክቼ ላክሁ፤ እነሱም ሥዕሉን ከነልኩ ላኩልኝ፤ «ትክክል ነው» ብዬ ፈረምሁ። ሲመጣም ያማረ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊቱ የማቆመው እሱ ጋ ነበር።

ከዚያ አንድ ሌሊት «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ መብራቱን ሁሉ አበራሁ። ምንም የለም። ጠዋት ሳየው ከላይ ሁለተኛው ጣውላ ከጫፉ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቋል። በሳምንቱ አንደኛው መዝጊያ አልገጥም አለ፤ ሌላው ደግሞ ጎብጦ በጎኑ ሣንቲም የሚያስገባ ክፍተት አበጀ።

ለሻጩ ጻፍሁ። መልሱ ሦስት መስመር ነበር፦ በደንበኛ ልክ የተሠራ ዕቃ አይመለስም፤ ይህንንም ሲያዝዙ ተስማምተዋል፤ ስለ ግዢዎ እናመሰግናለን። እውነቱን ለመናገር አመንኋቸው። ፈርሜያለሁ፣ ልኩንም የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ምን እላለሁ? በራሴ ወጪ ላስጠግነው ወስኜ ነው አናጺ መፈለግ የጀመርሁት።

እሳቸው የመጡት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ይህን የምጽፈው ላሳጣቸው ሳይሆን ልትጠሯቸው የምታስቡ እንድታውቁት ነው፤ ቀጠሮ አያከብሩም፣ መጋዝ እየጮኸባቸው ስልክም አይሰሙም። ከመጡ በኋላ ግን አይቸኩሉም። እኔ ስንጥቁን እያሳየሁ ታሪኩን ከመጀመሪያው ሳወራ እሳቸው ስንጥቁን ዞረውም አላዩት። ቁጢጥ ብለው የታችኛውን መዝጊያ ከፈቱና በአውራ ጣታቸው ጥፍር የመሐለኛውን ጣውላ ዳር ዳር ፈተጉት።

«ይቺን አየሻት?»

አላየሁም ነበር። መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። የመሐሉ ጣውላ ከዙሪያው ክፈፍ ጋር በሚገናኝበት በግራም በቀኝም ክር የመሰለች ነጣ ያለች መስመር አለች። ሌላው ሁሉ በቫርኒሹ ጠቁሮ ሳለ እሷ ብቻ ጥሬ እንጨት ናት። የመሐሉ ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚቆም፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ቦዩ ውስጥ የተደበቀው ጠርዙ አይቀባም። ያ ያልተቀባ ጠርዝ አሁን ብቅ ካለ፣ ጣውላው ከተቀባ በኋላ ጠቧል ማለት ነው። አናጺው ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነገሩኝ፦ «ሲቀቡት ሰፊ ነበረ፤ እዚህ መጥቶ ከሳ።»

ቀጥለው ከኪሳቸው ሁለት መርፌ ያላት፣ የእጅ ባትሪ የምታክል መሣሪያ አወጡ። መርፌዎቹ እንጨት ውስጥ ሲገቡ በመካከላቸው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየለካች በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ በመቶኛ ታሳያለች። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ እንጨቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ወፍራሙ የመደርደሪያው መሠረት 17 አለ። ቀጫጭኖቹ ጣውላዎች ቶሎ ስለሚደርቁ 11 ደርሰው ነበር፤ ሲደርቁ ነው የጎበጡትና የተሰነጠቁት። ሌላም ጥፋት ነበረ፤ የተሰነጠቀውን ጣውላ በሁለቱም ጠርዙ በኮላና በብሎን ጠርቅመው አስረውታል። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይጠብባል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። በሁለት በኩል ታስሮ መጥበብ ያቃተው ጣውላ ያለው አማራጭ መቀደድ ብቻ ነው። ሌሊት የሰማሁት ያን ነው።

በሜትራቸው የጣውላውን ወርድ ለኩ። እኔ የፈረምሁበት ሥዕል 32 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ አሁን 31 ተኩል ነው። ቁመቱ ግን አንዲት ሚሊ ሜትር አልጎደለም። «ቆርጦ የተሳሳተ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር» አሉ፤ «ይህ እርጥብ እንጨት ነው።»

በጣም የወደድሁት ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ክፍሉ ውስጥ ወዳለው አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛዬ ሄዱና በሆዱ በኩል፣ በማይታይበት ቦታ፣ መርፌዋን አስገቡ። 9። «ሻጩ የቤትሽ እርጥበት ነው ያበላሸው እንዳይልሽ» አሉ። በወቅቱ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ የሻጩ ኢሜይል መጣ፦ «ጉድለቱ የተከሰተው በቤትዎ ውስጥ ባለው ከፍተኛ እርጥበት ምክንያት ነው።» ያን ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። እርጥበት እንጨትን ያሳብጠዋል እንጂ አያከሳውም፤ ደግሞ እርጥበቱ አዲሱን መደርደሪያ መርጦ አሮጌውን ጠረጴዛ ያለፈው በምን አድልዎ ነው?

«እሺ፣ መቼ ይጠግኑልኛል?» ስላቸው ነው እንግዲህ «አልነካውም» ያሉኝ።

«ዛሬ መላጊያዬ ከነካው ነገ ያበላሸው የእኔ እጅ ነው ይሉሻል። መጽሐፎቹን አውርጂ፣ እንዳለ ተዪው።»

«አይመለስም ብለውኛል እኮ።»

«ስላላማረሽ ነው የምትመልሺው ወይስ ስለተበላሸ?»

እኚህ ሰው ሕግ አልተማሩም። ጥያቄያቸው ግን ነገሩን ለሁለት ሰነጠቀው። ማታውን ተቀምጬ ሻጩ በውሉ ላይ የጠቀሰውን ደንብ ራሴ አነበብሁት። ደንቡ በእርግጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ ከርቀት የገዛ ሰው ምንም ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን እንዲሰርዝ ይፈቅድና በደንበኛው ልክ የተሠራን ዕቃ ከዚህ ውጭ ያደርገዋል። አይከፋኝም፤ ለእኔ ግድግዳ የተቆረጠ መደርደሪያ ለማን ይሸጣል? ነገር ግን ይህ ሐሳቡን ስለ ቀየረ ገዢ የተጻፈ ነው። ስለ ተበላሸ ዕቃ የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዕቃ ሽያጭ መመሪያ ሲሆን፣ ገና ወደፊት ተሠርተው የሚቀርቡ ዕቃዎችንም ያካትታል። በእሱ መሠረት ሻጩ ከርክክብ በኋላ ቢያንስ ለ2 ዓመት ለጉድለቱ ተጠያቂ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የታየ ጉድለት ደግሞ ሻጩ ሌላ ካላስረዳ በርክክቡ ዕለት እንደነበረ ይቆጠራል። ሻጩ ትክክለኛውን አንቀጽ ለተሳሳተ ጉዳይ ነበር የጠቀሰልኝ። ሳያውቅ ነው አልልም።

አናጺው በማግሥቱ አንድ ገጽ ጽፈው ሰጡኝ። ቀኑን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የተለካበትን ቦታና ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፉት፤ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው ያነሷቸው ፎቶግራፎችም አብረው አሉ። ስለ ሻጩ አንድም ቃል የለበትም። የእኔን ደብዳቤ ረቂቅ ሳሳያቸው በእርሳስ ሁለት ቦታ ሰረዙልኝ፤ «አጭበርባሪ» የሚለውን እና «እንቅልፍ ነሳችሁኝ» የሚለውን። ሁለተኛው እውነት ነበር ብዬ ተከራክሬያለሁ። ለዚህ ሁሉ የአንድ ሰዓት የምርመራ ሒሳባቸውን ተቀበሉ፤ ጥገናውን ቢሠሩ የብዙ ቀን ገቢ ነበር።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ የነበረውን ባሳጥረው ይሻላል። መጀመሪያ እርጥበት አሉ፤ ቀጥሎ ለሚቀጥለው ግዢ የዋጋ ቅናሽ ሰጡኝ (የሚቀጥለው ግዢ!)፤ በመጨረሻ መዝጊያዎቹንና የተሰነጠቀውን ጣውላ ቀይረው ሊልኩ ተስማሙ። እኔ ወዲያው ገንዘቤን ብዬ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያው ሻጩ በመጀመሪያ እንዲጠግን ወይም እንዲቀይር ዕድል ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ጠበቅሁ። አዲሶቹ መዝጊያዎች በሁለተኛው ወር መጡ። አናጺው መጥተው (በሁለተኛው ቀጠሮ፤ እየተሻሻሉ ነው) መዝጊያዎቹን ከመግጠማቸው በፊት መርፌዋን አስገቡባቸው፦ 15 እና 16። «መልሰሽ አሽጊው» ብለውኝ ሄዱ። ሁለተኛ ገጽ ጻፉልኝ። ውሉ እንዲፈርስ፣ ገንዘቤ እንዲመለስና ዕቃውን በራሳቸው ወጪ እንዲወስዱ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ሻጩ ዝም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም።

የባንኳ ልጅ እዚህ ትገባለች። በካርድ ስለከፈልሁ የካርድ ክፍያ ቅሬታ ወደሚቀበለው ክፍል ደወልሁ። አሁንም ታሪኬን ከሌሊቱ ድምፅ ጀምሬ ላወራ ስል በትሕትና አቋረጠችኝ፦ «ታሪኩን በኋላ እሰማዎታለሁ፤ መጀመሪያ ቀኖቹን ይስጡኝ።» ዕቃውን የተረከብሁበትን፣ ጉድለቱን ያሳወቅሁበትን፣ ዕቃውን መልሱ ብዬ የጻፍሁበትን ቀን ጠየቀች። የመጨረሻው ዋነኛ ነው አለችኝ፤ ዕቃው ጎደሎ ነው ብሎ ገንዘብ የሚያስመልስ ሰው ዕቃውን ለመመለስ መሞከሩን ማሳየት አለበት። ጊዜም አለው፤ በትልልቆቹ የካርድ ድርጅቶች ደንብ ለእንዲህ ያለው ቅሬታ የተለመደው ገደብ 120 ቀን ነው። እኔ 86ኛው ቀን ላይ ነበርሁ። ሻጩ «እንጠግናለን፣ እንቀይራለን» እያለ ሌላ አምስት ሳምንት ቢያጓትተኝ ኖሮ ይህ በር ተዘግቶብኝ ነበር። ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል አስደረደረችኝ፤ የአናጺውን ገጾች ስታይ «ይህን ማን ጻፈው?» አለች። ሻጩ ለባንኩ የሰጠው መቃወሚያ ያው የድሮው ሆኖ ተገኘ፤ በደንበኛ ልክ የተሠራ ዕቃ አይመለስም። ከዚህ ሌላ የሚያቀርበው አልነበረውም። ውሳኔው በአምስት ሳምንት ውስጥ መጣ። እሷም ታሪኩን በኋላ እሰማለሁ ያለችውን አልረሳችም፤ የሌሊቱን ድምፅ ነግሬያት ስቃለች።

መደርደሪያው ትናንት ተወስዷል። ሁለት ሰዎች መጥተው ሳይናገሩ ፈትተው ጫኑት።

አናጺው ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ጠይቀውኛል፤ «ያለውም ሥራ በዝቶብኛል» ነው የሚሉት። የምታውቁኝ በግል ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የማታውቁኝ ደግሞ በልክ ያሠራችሁት ዕቃ ሲበላሽ፣ ከመጠገኑ በፊት የሚለካና የለካውን በፊርማው የሚሰጥ ባለሙያ በአካባቢያችሁ ፈልጉ። ዕቃው ጫማ ቢሆን ጫማ ሰፊ፣ ልብስ ቢሆን ልብስ ሰፊ። የመጣበትን ካርቶንና በላዩ የተለጠፈውን ወረቀትም አትጣሉ፤ እኔ ጥዬው የርክክቡን ቀን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ተንከራትቻለሁ።

መጽሐፎቼ አሁንም በካርቶን ናቸው። አዲሱን መደርደሪያ እንዲሠሩልኝ ያዘዝሁት አናጺውን ነው። ጣውላው ተገዝቶ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ተደርጎለት በሥራ ቤታቸው ጥግ ተከምሯል፤ ገና መጋዝ አልነካውም። ባለፈው ሳምንት ደውዬ «መቼ ይጀምሩታል?» አልኋቸው።

«13 ላይ ነው፤ ቆይ ትንሽ» አሉኝ።