የሬዲዮ ወይስ የቴሌቪዥን ጨዋታ አስተላላፊ?

ጅማ ውስጥ፣ ሂርማታ አካባቢ አንዲት ቡና ቤት አለች። ቡና የሚያፈሉት እናት ጨዋታ ባለ ቀን ቴሌቪዥኑን ይከፍቱና ድምፁን ያጠፉታል። የምታወራው ከጀበናው አጠገብ ያለችው ትንሽ ሬዲዮ ናት። ችግሩ፣ ድምፅና ምስል እኩል አይሄዱም። ሬዲዮዋ «ጎል!» ስትል ስክሪኑ ላይ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ናት። ቅር የሚለው ደንበኛ ግን አላየሁም።

የሬዲዮ አስተላላፊ ዓይኑን ያውሰናል። ኳሷ በየትኛው ክንፍ እንደሄደች፣ ማን እንደወደቀ፣ ሜዳው ጭቃ መሆኑን ሳይቀር መንገር አለበት። ዝም ካለ ጨዋታው ጠፋ ማለት ነው። ትልልቆቹ ዛሬም የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን የሚያነሱት ወደው አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን (ሴካፋ) ዋንጫ ስትወስድ ያልተወለድን ሰዎች እንኳ ያን ቀን የምናውቀው በሱ ድምፅ ነው።

የቴሌቪዥኑ ሥራ ሌላ ነው። ምስሉ ስላለ ትንፋሽ መውሰድ ይችላል። እኔ የማደንቀው ዝም ማለት የሚያውቀውን ነው። በ2013 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ ሲተላለፉ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም ተራ ደርሶት ነበር። የራስን ሜዳ በስክሪን ማየት ደስ ይላል። ምን ያደርጋል፣ አንዳንዱ አስተላላፊ የምናየውን መልሶ ይነግረናል።

ምርጫዬ? ሬዲዮ። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010፣ ዋንጫውን ሲያነሳ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሹፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ ወርዶ ጨፈረ። ሂሳብም አልተቀበለኝም።