ቢጫዋ፣ ከባዱና ትንሹ፦ ሦስት የሮቦት ሞተሮች ከስምንት ወር ግፊያ በኋላ

ከሰፈር ልጆች ጋር ሚኒ ሱሞ ሮቦት መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ለማያውቀው፣ ሁለት ሮቦቶች 77 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ክብ ላይ ይገፋፋሉ፣ ቀድሞ የወጣ ተሸነፈ። የሮቦቱ ክብደት ከ500 ግራም፣ ወርድና ርዝመቱ ከ10 በ10 ሳንቲሜትር ማለፍ አይችልም። ሦስት ዓይነት ሞተር ሞክረናል፣ ሁሉም ከኪሴ የወጣ ነው።

መጀመሪያ ቢጫዋ፣ ሁሉም ሰው የሚጀምርባት 1 ለ48 (ሞተሩ 48 ጊዜ ዞሮ ጎማው አንዴ ይዞራል) የምትባለው። ርካሽ ናት፣ ለመማሪያም አሪፍ ናት። ግን ርዝመቷ 7 ሳንቲሜትር ነው፣ ከ10ሩ ላይ ምን ተረፈ? ካምቢዮዋ (የጋራዥ ቋንቋ ነው፣ ይቅርታ) ፕላስቲክ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግፊያ ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። ስከፍታት አንዱ ነጭ ጥርስ ተልጧል።

ከዚያ ጉልበት ይሻላል ብዬ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ባለ 12 ቮልት ሞተር አመጣሁ። ጥርሱ ብረት ነው፣ ስትይዘው ራሱ ደስ ይላል። ሁለቱን ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ 190 ግራም ገደማ አሉ፣ ማለትም ባትሪና ጎማ ሳይገባ ከተፈቀደው ክብደት ከሲሶ በላይ አለቀ። የእኛ ባትሪ ደግሞ 7.4 ቮልት ስለሆነ ሞተሩ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። የባሰው ልምምድ ላይ መጣ። ከሌላ ሮቦት ጋር ተፋጦ ሲገፋ ድንገት ቀጥ አለ። የሞተር ድራይቨራችን (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) ቲቢ6612 በአንድ ሞተር ያለማቋረጥ የሚችለው 1.2 አምፒር ነው፤ ሲግል ራሱን ይዘጋል። ጣቴን ባስነካው ተቃጠልኩ። የድሮውን ድራይቨር ኤል298 ብንመልስስ ብለን ሞከርን፣ እሱ ደግሞ ከባትሪው ወደ 2 ቮልት ገደማ እየበላ ቁጭ ይላል።

አሁን ያለነው ኤን20 የሚባለው ትንሹ ሞተር ላይ ነው። አንዱ 10 ግራም ያህል ነው፣ ጥርሱ ብረት። መጀመሪያ በደቂቃ 1000 ዙር የሚለውን ገዛሁ፣ ፍጥነት ሁሉን ያሸንፋል መስሎኝ። 30 ሚሊሜትር ጎማ ሲገባለት በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ይሄዳል። የክቡ ነጭ ጠርዝ ስፋት 2.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሴንሰሩ ነጩን አይቶ "ተመለስ" እስኪል ሮቦቱ መሬት ወድቋል፣ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። 500 ዙሩን ስንገጥምለት ተረጋጋ፣ ክቡን በአንድ ሰከንድ ገደማ ያቋርጣል፣ ግፊያውም ጨመረ።

ችግር የለውም አልልም። ሁለቱን አቃጥያለሁ፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት ነው። ፊቱ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች በቀጥታ ወደ ጥርሶቹ ይገባሉ፤ ትንሽ የረዘመ ብሎን አስገብቼ በካቻቢቴ ሳጠብቅ ጥርሱን ነክሶ ያዘው፣ እኔም ሳላውቅ ኃይል ለቀቅኩበት። ሌላው ችግር ደግሞ ኃይሉ የተዘጋን ሮቦት መሬት ላይ በእጅ እየገፉ መንዳት ነው። ልጆች መኪና መስሏቸው ይነዱታል፣ ጥርሱ በዚያ ይሰበራል። አሁን ከልክያለሁ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለሦስቱም ይሠራል። ሞተሩ ሲነሳ አርዱዊኖው (ኮዱ የሚጫንበት የሮቦቱ አንጎል) እንደገና ከዜሮ እየጀመረ ሁለት ሳምንት አሳበደን። ኮዱን ስንት ጊዜ ጻፍነው! ለካ ችግሩ ከሞተሩ ብሩሽ (ውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ኖሯል። 104 ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ካፓሲተር በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል በየድን፣ በቃ ቆመ።

ለጀማሪ ቢጫዋን፣ ለሚኒ ሱሞ ባለ 500 ዙር ኤን20 ግዙ፣ ግን አራት እዘዙ እንጂ ሁለት አትዘዙ፤ ከአንድ እሽግ የወጡት እንኳ እኩል አይዞሩም፣ ተቀራራቢዎቹን እየለያችሁ ታጣምራላችሁ። ባለ 25 ሚሊሜትሮቹን አልጣልኳቸውም። ባለ ሦስት ኪሎውን ሱሞ ስንጀምር እንመለስባቸዋለን፣ ድራይቨር ግን ሌላ ይሁን።