ካር ሲት ማሰር ላስተማረችን ባለሙያ ምስጋና

ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወላጆች! ዛሬ የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው።

ልጃችን ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ካር ሲቱን (የልጅ የመኪና መቀመጫውን) የልጁ ፊት ወደ ኋላ እንዲሆን አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ዩቲዩብ አይቼ፣ በጉልበቴ ተጭኜ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ያን ሁሉ ለፍቼ ልክ አይሆንም ብዬ አላሰብኩም። ባለፈው ወር እናቴ ከአዲስ አበባ መጣችና ገና መኪናው ውስጥ ስትገባ "ምነው ልጁን ከወንበር ጋር አፋጠጣችሁት? እግሩስ?" አለች። በሄድንበት ሁሉ "አዙረው" ስትለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ላዞረው ትንሽ ነበር የቀረኝ። አንድ ወዳጄ ግን "መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው" ብሎ በሞንትጎመሪ ካውንቲ እሳት አደጋ በኩል ቀጠሮ አስያዘኝ። በነጻ ነው።

ቴክኒሻኗ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። የመኪናው ቀበቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛ ግራና ቀኝ ስትወዘውዘው ካር ሲቱ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተነቃነቀ። እዚያ ቦታ ላይ ከ1 ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ለካ ቀበቶውን አስሬዋለሁ እንጂ አልቆለፍኩትም! በእኛ መኪና እስከ መጨረሻው ስበው ሲመልሱት ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆለፋል፤ ያን ድምጽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ይጠንክር" ብዬም ካር ሲቱን ከመኪናው ወንበር ጋር የሚያያይዘውን የታችኛውን መንጠቆና ቀበቶውን አንድ ላይ ተጠቅሜያለሁ። ማንዋሉ ካልፈቀደ በቀር አንዱን ብቻ ነው።

ከዚያ ልጁን ጃኬቱን አስወለቀችው። ልክ ነው ብዬ የተማመንኩበት ማሰሪያ እጄን የሚያስገባ ሆነ። ትከሻው ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ "መቆንጠጥ ከቻልክ ላልቷል" አለችኝ። ሆዱ ላይ የነበረውን ክሊፕ እስከ ብብቱ ትክክል ከፍ አደረገችው። ብርድ ከሆነ ጃኬቱን ከታሰረ በኋላ ከላይ ጣል ማድረግ ነው።

እናቴ ጥያቄዋን አልረሳችም፤ አስተረጎመችኝ። ቴክኒሻኗም ሳትቸኩል አስረዳቻት፦ የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ገና አልጠነከረም። መኪና ከፊት ሲጋጭ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ልጅ ጭንቅላቱንም አንገቱንም ጀርባውንም ካር ሲቱ አንድ ላይ ይይዝለታል። እግሩን አጣጥፎ መቀመጥ ለእሱ ችግር አይደለም። የሜሪላንድ ሕግም ከ2022 ጀምሮ፣ ክብደቱ ወይም ቁመቱ ከካር ሲቱ ልክ ካላለፈ በቀር፣ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያዛል። እናቴ ዝም ብላ ሰማችና "እንደ አንቀልባ ደግፎ ይይዘዋል በሉኛ!" አለች።

እኔን ያስደሰተኝ መጨረሻው ነው። ጥርት አድርጋ ካሰረችው በኋላ መልሳ ፈታችውና "አሁን አንተ" አለችኝ። ሁለት ጊዜ አሰርኩ። አንደኛውን ወድቄያለሁ።

የምትሄዱ የካር ሲቱንም የመኪናውንም ማንዋል ያዙ፣ ከተቻለ ልጁንም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከመውለዳችሁ በፊት ቀጠሮ ያዙ። ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ሴፍ ኪድስ በሚባለው የልጆች ደህንነት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮዳችሁን አስገብታችሁ የምስክር ወረቀት ያለው ቴክኒሻን መፈለግ ትችላላችሁ። ሰው የሰጣችሁ ካር ሲት ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀን ሳታዩ አትሰሩበት።

ባለሙያዋን ስሟን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን ከመነሳታችን በፊት የልጁን ትከሻ ቆንጥጣ "ላልቷል፣ ሳብ!" የምትለኝ እናቴ ናት።