ለነጻ ቦታ "የመግቢያ ትኬት" እንዳትገዙ፦ ኤል ቶርካል ላይ የደረሰብን

ወገኖች፣ በተለይ አውሮፓ ያላችሁና ዘመድ ከአገር ቤት መጥቶ "የት ወስደን እናሳየው?" የምትሉ፣ ደቡብ ስፔን ካሰባችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። 316 ዩሮ ተበልቻለሁ። የተበላሁት ደግሞ ማንም ሰው በነጻ ለሚገባበት ቦታ "መግቢያ" ብዬ ከፍዬ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለፈው ጥቅምት እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ብርዱ ሳይጠና ትንሽ ፀሐይ ትይ ብለን ማላጋ ወሰድናት። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ እህትና እናቴ፣ አራት ሆነን ማለት ነው። ባሕሩን በሁለት ቀን ጠገብነው። እናቴማ በመጀመሪያው ሰዓት ነው የጠገበችው። "እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?" እያለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነው የዋለችው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኬ ላይ ማስታወቂያ መጣ። "ኤል ቶርካል፣ የዓለም ቅርስ። የመግቢያ ትኬትን ያካተተ። ያለ ወረፋ። ከባለሙያ አስጎብኚ ጋር። ሦስት ድንቅ መመልከቻዎች። ሙሉ ቀን። በሰው 79 ዩሮ።" ከሥሩ በቀይ "4 ቦታ ብቻ ቀርቷል" ይላል። እኛም አራት ነን። የታዘዘልን መሰለኝና ካርዴን አወጣሁ። በነጋታው ከፍቼ ሳየው ያው "4 ቦታ ብቻ ቀርቷል" ነው የሚለው። ዛሬም ብትከፍቱት እንደዚያው ሳይል አይቀርም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊወስደን የተባለው ቫን ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጣ። ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። አስጎብኚው የታለ ስለው ግን በእጁ ወደ ስልኬ ጠቆመኝ። ለካ "ባለሙያ አስጎብኚ" ማለት የሚወርድ የድምፅ ፋይል ኖሯል። በእንግሊዝኛ። ለእናቴ።

ስለ ቦታው ልንገራችሁ፣ ቦታው ምንም አላጠፋም። ኤል ቶርካል ከማላጋ በስተሰሜን፣ አንቴኬራ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ 1,336 ሜትር ነው። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። የመሬት ግፊት አንስቶ ሰማይ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ዝናብ፣ ውርጭና ነፋስ በስንጥቁ እየገቡ ጠረቡት። ጠንካራው ንብርብር ሲቀር ለስላሳው እየተበላ ስለሄደ፣ ቋጥኙ ሁሉ ስስ ስስ ድንጋይ ተደራርቦ የተቀመጠ ይመስላል። እናቴ ገና ከመኪና ስትወርድ ቆም አለችና "ውይ፣ እንጀራ! ማነው እንዲህ አድርጎ የደረደረው?" አለች። ጫፉን በጣቷ እየዳሰሰች ስንት እንደሆነ ልትቆጥር ሞከረች። አሥራ ሰባት ላይ ሹፌሩ ጠራን።

የጠራን ለሌላ ክፍያ ነው። ላይኛው ፓርኪንግ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ሰው መኪናውን ታች አቁሞ በትንሽ አውቶቡስ ይወጣል። ይሄ ሐቅ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ የተለመደ ነው። አውቶቡሱ የሚያስከፍለው ጥቂት ዩሮ ነው፣ ዋጋውም እዚያው ተለጥፏል። እኛ ግን "የትራንስፖርት ጭማሪ" ተብለን በሰው 10 ዩሮ ለድርጅቱ በስልክ ላኩ ተባልን። ማስታወቂያው "ሁሉን ያካተተ" ይላል ብዬ ስክሪንሾቱን አሳየሁት። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። አልከፈልኩም። በገዛ እጃችን ትኬት ቆርጠን ወጣን።

ላይ ስንደርስ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ገባሁና ስልኬ ላይ ያለውን "ያለ ወረፋ መግቢያ" የሚል ወረቀት ለሴትዮዋ አሳየኋት። አንዴ አየችው፣ አንዴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ጠራችው። ሁለቱም አነበቡት። "እዚህ እኮ መግቢያ አይከፈልም" አለችኝ። ወረፋስ? በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየችኝ። ያለው ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ሌላ አንድ ውሻ ይዘው የሚሄዱ ባልና ሚስት ብቻ።

እናቴ "ምን አለች?" ስትለኝ ዋሸኋት። እውነቱን የነገርኳት ፍራንክፈርት ከገባን በኋላ ነው። "ድንጋይ ለማየት ይሄን ሁሉ ብር? እነሱ ሳይሆኑ አንተ ነህ ጥፋተኛው" አለችኝ፤ አሁንም ዘመድ ሲሰበሰብ ታወራዋለች።

ተራራው ላይ የተሰጠን ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ምንም አታዩም። እዚያ ላይ በቀለም የተለዩ መንገዶች አሉ። አረንጓዴው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ቢመስልም ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ስለሆነ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። ቢጫው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለሁለት ሰዓት ያዙት። እኛ አረንጓዴውን ጀምረን ግማሽ ሳንደርስ ተመለስን። የባለቤቴ እህት በሰንደል ነበረች፤ ስለ ጫማ የነገረን የለም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራታ ጉልበቷን ተላጠች። ጉሙም በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጥቶ ሁሉን ነገር ሸፈነው። እዚያ ተራራ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ከማላጋ በፀሐይ ወጥታችሁ ላይ ስትደርሱ ጃኬት ያምራችኋል።

"ሦስቱ ድንቅ መመልከቻዎች" ደግሞ እነዚህ ናቸው። አንደኛው የመንገድ ዳር ነው፤ ሦስት ደቂቃ ቆምን፣ ኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብን። ሁለተኛው የአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ነው፤ ካላዘዛችሁ አትቀመጡም። ሦስተኛው የወይራ ዘይት ሱቅ ፓርኪንግ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ቆየን መሰላችሁ? አንድ ሰዓት ከሃያ። ለተራራው 45 ደቂቃ፣ ለዘይቱ 80 ደቂቃ። ያኔ ነው ጉዞው ለማን ጥቅም እንደተዘጋጀ የገባኝ።

የሚያናድደው፣ እውነተኛው መመልከቻ ከላይኛው ፓርኪንግ ትንሽ ራመድ ብሎ ነው ያለው። ላስ ቬንታኒያስ ይባላል። ገደሉ አፍ ላይ ነው። ከሥሩ ቪያኑዌቫ ዴ ላ ኮንሴፕሲዮን የምትባለው ነጭ መንደር አለች፣ ወዲያ ማዶ ማላጋና ሜዲትራንያን ባሕር። ሰማዩ ጥርት ካለ የአፍሪካ ተራሮች ይታያሉ ይላሉ። ይሄም በነጻ ነው። ማንም አልነገረንም።

እንዴት አወቅክ ትሉኝ ይሆናል። እልህ ይዞኝ በማግስቱ መኪና ተከራይቼ ተመለስኩ። መኪናው፣ ነዳጁ፣ ምሳው ሁሉ ተደምሮ ለአራታችን ከ100 ዩሮ አላለፈም። ከአንቴኬራ ከተማ ወደ ተራራው በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መንዳት የማትፈልጉ ከማላጋ እስከ አንቴኬራ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በታክሲ መሄድ ትችላላችሁ። የመመለሻውንም ዋጋ ሳትነሱ ተነጋገሩ፤ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ የለም።

በማለዳ ስለደረስን ፓርኪንጉ ባዶ ነበር። አረንጓዴውን መንገድ ቀስ ብለን ጨረስነው። አንዱ ቋጥኝ ጫፍ ላይ የተራራ ፍየል ቆሞ ያየናል። ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ የሰሜን ተራራው ዋልያ ዘመድ ነው። እናቴ ለአሥር ደቂቃ ከእሱ ጋር ተፋጠጠች። ሲመለሱ አንቴኬራ ዳር ያሉትን የድንጋይ መቃብሮች፣ ሜንጋን፣ ቪዬራንና ኤል ሮሜራልን እዩ። ሜንጋ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ጣሪያውን የሸፈኑት ድንጋዮች በክሬን የሚነሱ እንጂ በሰው እጅ የሚሆኑ አይመስሉም። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የተኛ ሰው ፊት የሚመስል ተራራ ይታያል፣ የፍቅረኞች ቋጥኝ ይሉታል። እነዚህ ሁሉ ከኤል ቶርካል ጋር አንድ ላይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ለመቃብሮቹም መግቢያ አልከፈልንም።

አንድ ነገር እንዳላጣምም። አስጎብኚ ቀጥሮ መሄድ ማጭበርበር አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ጥንታዊ የባሕር ፍጥረት የሚያሳይ፣ ከመንገዱ ወጣ ያለውን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ ይገባዋል። ግን የምትከፍሉት ለሰውዬው ዕውቀት ነው። "ለመግቢያ" የሚል ቃል ካያችሁ ቆም በሉ። መጀመሪያ የቦታውን የራሱን ድረ ገጽ ከፍታችሁ መግቢያ ይከፈል አይከፈል እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፦ አስጎብኚው ሰው ነው ወይስ ድምፅ? በምን ቋንቋ? ተራራው ላይ ስንት ሰዓት እንቆያለን? ሱቅ እንገባለን? የሚሸሽ መልስ ከመጣ ተዉት።

ስለ ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ፣ እኔ በስህተት ተማምኜ የነበረውን ልንገራችሁ። አውሮፓ ውስጥ ኦንላይን የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል አይደል? ለእንዲህ ያለው አይሠራም። ቀኑ የተቆረጠ የመዝናኛ አገልግሎት ከዚያ መብት ውጭ ነው። ስለ ጥቅል ጉዞ የወጣው የአውሮፓ ሕግም ከ24 ሰዓት በታች የሆነና አዳር የሌለው ጉዞን አይነካም። ስለዚህ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ሳይሆን "የተባለው አልተሰጠኝም" ብላችሁ ነው መከራከር ያለባችሁ። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የማስታወቂያው ስክሪንሾት፣ የሰዓቱ ፎቶ፣ ክፍያው።

ስፔን ውስጥ ማንኛውም ነጋዴ ስትጠይቁት የቅሬታ ቅጽ የማቅረብ ግዴታ አለበት። "ኦሃ ዴ ሬክላማሲዮኔስ" በሉት። ስሙን ስትጠሩ ብቻ የብዙዎች ድምፅ ይለሰልሳል። እኔ ይሄን የሰማሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ አመለጠኝ። ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ በየአገሩ ያለው የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር በነጻ ያደራድራል። እኔም ለጀርመኑ አመልክቻለሁ።

ድርጅቱ በመጀመሪያ "ትኬቱ አይመለስም" ብሎ ጻፈልኝ። የትኛው ትኬት? ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። በካርዴ ባንክም ክርክር ከፍቻለሁ፤ እነሱ "ጉዳዩ እየታየ ነው" ላይ ናቸው። አዲስ ነገር ካለ እዚሁ እጨምራለሁ።